መሰንቆው ለማን ይቃኝ? ለ440 ወይስ ለጉሮሮ?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የተበጠሰ የፈረስ ጭራ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ የተማሪዎች የምሽት ዝግጅት ላይ የባህል ሙዚቃ እንዲቀርብ ተወሰነና፣ እኔ የሮብ ገበያ ልጅ ስለሆንኩ “አዝማሪ አምጣ” ተባልኩ። አመጣሁ። በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ሠርግ በተደገሰበት፣ ክርስትና በተነሳበት ሁሉ የሚጠሩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። ስማቸውን እዚህ ማንሳት አልፈልግም። ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

አብሯቸው እንዲጫወት የታሰበው ኪቦርድ የሚነካ ጓደኛችን ነበር። ዝግጅቱ ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ሁለቱን አብረን ብንሞክራቸው አልገጠሙም። እኔ ደግሞ የፊዚክስ ተማሪ መሆኔን ላሳይ ፈልጌ ስልኬን አወጣሁና ድግግሞሽ የሚለካውን ፕሮግራም ከፈትኩ። የጋሼ መሰንቆ ጣት ሳይነካው 214 ሄርዝ አካባቢ ይላል። ጓደኛችን “እኔ ትዝታን የምጫወተው በዶ ነው፣ ዶ ይስጡኝ” አለ። በዚያ መደዳ ላይ ያለው ዶ 261.63 ሄርዝ ነው። እኔም ሳላቅማማ “ጋሼ፣ ትንሽ ያጥብቁት፣ ገና ዝቅ ይላል” አልኳቸው። እሳቸውም የተማረ ሰው አክብረው መቃኛውን አዞሩ። “ገና ነው ጋሼ” አልኩ። አዞሩ። አሁንም “ትንሽ ይቀራል” አልኩ።

መድረክ ላይ ወጡ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጭራ ተበጠሰ። ቀጥሎ ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ድምፃቸው ተሰነጠቀ። አዳራሹ ሳቀ። ምን አለፋችሁ፣ እኔም አብሬ ፈገግ ብያለሁ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ጋሼ ደጋኑን አውርደው “ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ዛሬ ድምፄ አልተገኘም” ብለው ተቀመጡ። ድምፃቸው ግን አልጠፋም ነበር። ያጠፋሁባቸው እኔ ነኝ፣ ያውም በቁጥር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ሲያብሰለስለኝ ከረመ። 440 የሚባለው ልክ ከየት መጣ? መሰንቆስ ለእሱ የመገዛት ግዴታ አለበት ወይ? በእኔ እምነት ይህ የሙዚቀኞች ብቻ ጉዳይ አይደለም። ፊዚክስ የምንማር ልጆች ሚዛንና ሜትር ስንይዝ ምን እንደያዝን የማወቅ ጉዳይ ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

እንደሚታወቀው ድምፅ ንዝረት ነው። አንድ አውታር በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ስንቆጥር ድግግሞሽ እንላለን፤ መለኪያውም ሄርዝ ነው። አንድን ኖታ ወደ ሄርዝ ለመለወጥ መነሻ ያስፈልጋል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት መነሻ በፒያኖው መሐል አካባቢ ያለው ላ 440 ሄርዝ ነው የሚለው ስምምነት ነው። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ድግግሞሽ እጥፍ ሲሆን ያው ኖታ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይደገማል የሚለው ነው። ስለዚህ ላ 220ም፣ 440ም፣ 880ም ነው። የወንድና የሴት ድምፅ አንድ ዜማ አብረው ሲያወጡ የማይጣሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ፒያኖና ኪቦርድ አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ደረጃ ይከፍሉታል። እያንዳንዱ ደረጃ ሴሚቶን ይባላል። 12 ጊዜ ተባዝቶ 2 የሚሰጠው ቁጥር 1.05946 አካባቢ ነው። እንግዲህ ስሌቱ ይኸው ነው፦ ከላ ምን ያህል ሴሚቶን እንደራቅህ ቁጠር፤ ወደ ላይ ከሆነ 440ን በ1.05946 ያንን ያህል ጊዜ አባዛ፣ ወደ ታች ከሆነ ያንን ያህል ጊዜ አካፍል። ከላ በላይ ያለው ዶ ሦስት ደረጃ ይርቃልና 523.25 ይሆናል። ከላ በታች ያለው ዶ ዘጠኝ ደረጃ ይርቃልና 261.63 ይሆናል። የትዝታ ቅኝት በዶ ሲጻፍ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነውና በሄርዝ 261.63፣ 293.66፣ 329.63፣ 392.00 እና 440 ማለት ነው። በኪቦርድ ላይ አምስቱም ነጭ ቁልፎች ናቸው። ጓደኛችን “ዶ ይስጡኝ” ያለበት ሚስጥርም ይኸው ነው፤ ጥቁሮቹን መንካት አልለመደም።

ከሴሚቶን ያነሰውን ልዩነት ለመናገር ሴንት የሚባል መለኪያ አለ። አንድ ብር መቶ ሳንቲም እንደሆነ ሁሉ አንድ ሴሚቶንም መቶ ሴንት ነው። የጋሼ 214 ሄርዝ ከላ 220 በ48 ሴንት ያንሳል፣ ከታቹ ካለው ጥቁር ቁልፍ ከ207.65 ደግሞ በ52 ሴንት ይበልጣል። በሌላ አነጋገር በሁለት ቁልፎች መካከል፣ ስንጥቁ ላይ ተቀምጧል። ፒያኖ ላይ እንዲህ ያለ ድምፅ የለም። ሁለቱ አብረው ቢጮሁ፣ ማለትም 214 ከ220 ጋር፣ ጆሮ በሰከንድ 6 ጊዜ ው-ው-ው የሚል መወዛወዝ ይሰማል። መጀመሪያ ስንሞክራቸው አልገጠሙም ያልነው ይህን የመሰለውን ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አውታር የሚሰጠው ድግግሞሽ በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ በርዝመቱ፣ በውጥረቱና በክብደቱ። ርዝመቱንና ክብደቱን ሳንነካ ድግግሞሹን ከፍ ለማድረግ ከፈለግን ውጥረቱ በድግግሞሹ እጥፍ ሳይሆን በስኩዌሩ ይጨምራል። 261.63ን ለ214 ስናካፍል 1.22 ይመጣል፤ ስኩዌሩ 1.49 ነው። ስለዚህ ያን ምሽት “ትንሽ ያጥብቁት” እያልኩ የጠየቅኳቸው ውጥረቱን በግማሽ ያህል እንዲጨምሩ ነበር! ጭራው የተበጠሰው እርጅና ይዞት አይደለም። የጉሮሮው ነገርማ ይባስ። ዘፈኑን በሙሉ ሦስት ሴሚቶን ተኩል ያህል ወደ ላይ ሰቅዬባቸዋለሁ። ማናችንም ብንሆን የለመድነውን መዝሙር በዚህ ያህል ከፍ አድርገን ብንጀምር የመጨረሻው ስንኝ ላይ እንንጠለጠላለን።

የረቡዕ ገበያው ትምህርት

ሮብ ገበያ ማለት እንደ ስሙ የረቡዕ ገበያ ነው። ለእረፍት አገሬ የገባሁ ጊዜ በገበያው ቀን ጋሼን ፈልጌ አገኘኋቸው። ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር የሄድኩት። እሳቸው ግን ጉዳዩን ረስተውታል፣ ወይም የረሱ መስለዋል።

“ጋሼ፣ ለመሆኑ እርስዎ መሰንቆውን በምን ላይ ተመሥርተው ነው የሚቃኙት?” አልኳቸው።

“በጉሮሮዬ ነዋ! ጠዋት ስነሳ አንድ አውጥቼ አያለሁ። ድምፄ ወፈር ካለ ላላ አደርገዋለሁ። ሲሞቅ፣ ሰው ሲሰበሰብ፣ ትንሽ አጠብቀዋለሁ። ለሚስቴ ስመታ ደግሞ ሌላ ነው። የእሷ ድምፅ ቀጭን ነው።”

“እና አንድ ቋሚ ልክ የለዎትም?”

“ልክማ አለኝ። ልኩ ቅኝቱ ነው። ትዝታ ትዝታ ነው፣ አምባሰልም አምባሰል ነው። የትም ብጀምረው አይለወጥም። አንተ ልጅ፣ ቤትህን ጉብታ ላይ ብትሠራው ወይስ ሜዳ ላይ ብትሠራው ምሰሶዎቹ መራራቃቸው ይቀየራል እንዴ?”

አንባብያን ሆይ፣ ይህን መልስ ልብ በሉልኝ። እኛ በክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰሌዳ ሞልተን የምንማረውን ነው በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገሩኝ። ቅኝት ማለት በድምፆች መካከል ያለ ንጽጽር ነው፤ የመነሻው ድግግሞሽ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሁሉንም ድምፅ በአንድ ቁጥር ብናባዛቸው ንጽጽሩ አይነካም። 440 ደግሞ የመነሻ ስምምነት እንጂ የንጽጽር ሕግ አይደለም። እኔ እነዚህን ሁለቱን አምታትቼ ነው የሰውየውን ቤት ከነምሰሶው ጉብታ ላይ ልሰቅል የሞከርኩት።

የአገራችንን ሌላ ሙዚቃ ብናይም ነገሩ ይኸው ነው። ከቢቸና ብዙም በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ ይሁን በሌላ ደብር ማኅሌት የቆመ ሰው ያውቀዋል። መሪው በራሱ ድምፅ ያነሳል፣ ሌላው ይቀበላል። ሹካ መሰሉን ብረት ጆሮው ላይ አስጠግቶ “ላ ስጡኝ” የሚል መሪጌታ አላየሁም። ሆኖም የቅዱስ ያሬድ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብሎ ተለይቶ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ምልክት ተበጅቶለት፣ ድፋቱና ሒደቱ፣ ቅናቱና ይዘቱ፣ ቁርጡና ጭረቱ፣ ርክርኩና ደረቱ ሳይምታታ እዚህ ደርሷል። የመነሻ ሄርዝ አለመኖሩ ሥርዓት አልባ አላደረገውም።

440 ከሰማይ የወረደ ነውን?

ብዙዎቻችን የስልካችን መቃኛ 440 ስለሚል ብቻ ከተፈጥሮ የተገኘ ይመስለናል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ቱኒንግ ፎርክ የሚባለው ሹካ መሰል ብረት በእንግሊዛዊው መለከት ነፊ በጆን ሾር የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1711 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የታወቀው አቀናባሪ የሄንደል ነው የሚባለውና ከ1751 ጋር የሚያያዘው ብረት 422.5 ሄርዝ ይሰጣል። የፈረንሳይ መንግሥት በ1859 ላ 435 ይሁን ብሎ በሕግ ደነገገ። ሻይብለር የተባለ ጀርመናዊ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1834 ሽቱትጋርት ላይ 440ን ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በ1939 ለንደን ላይ የተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ 440ን ተቀበለ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም በ1955 አጽድቆ በ1975 አጸናው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የ439 ታሪክ ነው። በእንግሊዝ ቀደም ሲል 439 ይሠራበት ነበር። ታዲያ ለምን አንድ ሄርዝ ተጨመረበት? 439 ከ1 እና ከራሱ በቀር በምንም የማይካፈል ቁጥር ስለሆነ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ለማውጣት ያስቸግራል። 440ን ግን በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ከሚንቀጠቀጥ ክሪስታል ማግኘት ቀላል ነው፤ ለ1000 አካፍል፣ በ11 አባዛ፣ ለ25 አካፍል፣ በቃ። በሬዲዮ የሚለቀቀው የመቃኛ ድምፅ የተገኘው በዚህ መንገድ ነበር። እንግዲህ ጋሼን ያስጨነቅኩበት ቁጥር ለቴክኒሻኖች ሒሳብ የተመቸ ቁጥር ነው ማለት ነው። ይህን ስል መናቄ አይደለም፤ ጥሩ ምክንያት ነው። ግን የኢንጂነሪንግ ምክንያት ነው፣ የጆሮ ምክንያት አይደለም።

አውሮፓውያኑ ራሳቸውም አይታሰሩበትም። ብዙ ትልልቅ ኦርኬስትራዎች ዛሬ 442 ወይም 443 ላይ ይቃኛሉ። የጥንቱን የባሮክ ሙዚቃ የሚጫወቱት ደግሞ 415 ይጠቀማሉ። በሌላ በኩል “432 የተፈጥሮ ድግግሞሽ ነው፣ በሽታ ይፈውሳል” እያሉ የሚያስወሩ አሉ። ይህም መሠረት የለውም። ሄርዝ የሚቆጠረው በሰከንድ ነው። ቀኑን በ24፣ ሰዓቱን በ60፣ ደቂቃውን በ60 የከፈልነው እኛ ሰዎች ነን። ሰከንዱን በሌላ መንገድ ከፍለነው ቢሆን ኖሮ ያው ድምፅ ሌላ ቁጥር ይኖረው ነበር። ስለዚህ በቁጥሩ ውስጥ ጠበል የለም።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ይህ ቋሚ ልክ የገባው በአመዛኙ በፋብሪካ ከተሠሩ መሣሪያዎች ጋር ነው። በ1924 አርባ ልጆች የተባሉት የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አማካይነት አዲስ አበባ ገብተው የነሐስ ባንድ አቋቋሙ። የነሐስ መለከት ርዝመቱ ከፋብሪካው የተወሰነ ነው፤ እንደ መሰንቆ ለጉሮሮ አይላላም። ከዚያ ፒያኖው፣ አኮርዲዮኑ፣ ኋላም ኪቦርዱ ተከተለ። መሣሪያው የማይንቀሳቀስ ሲሆን የሚንቀሳቀሰው ሰው ሆነ።

“ታዲያ ሚዛን ይጥፋ ወይ?”

ይህን ሐሳብ ለአንድ የክፍል ጓደኛዬ ባጫውተው ጠንከር ያለ ተቃውሞ ሰነዘረብኝ። እንዲህ አለኝ፦ “አንተ የገበያ ልጅ ሆነህ እንዴት ይህን ትላለህ? ድሮ ጤፍ በቁና ሲሰፈር የአንዱ ቁና ከሌላው ይሰፋ ነበር። ገበሬውም ሸማቹም ይጭበረበር ነበር። ኪሎ ሲመጣ ነገሩ ተስተካከለ። 440ም የድምፅ ኪሎ ነው።”

ሐሳቡ ቀላል አይደለም። ብዙ አሰብኩበት። መልሴ ይህ ነው፦ ኪሎ የሚያስፈልገው ሁለት ሰዎች ሲገበያዩ ነው። ሴትየዋ በራሷ ጓዳ ለልጆቿ እንጀራ ስትጋግር ዱቄቱን በእጇ ብትለካ ማን ተጎዳ? ጋሼ ብቻቸውን ወይም ከሚስታቸው ጋር ሲጫወቱ ላ 428 ቢሆን የተጭበረበረ ሰው የለም። ከሩቅ የመጡ ሰዎችና በፋብሪካ የተሠሩ መሣሪያዎች ሲገናኙ ግን ስምምነት የግድ ነው። ስለዚህ 440 ይጥፋ አላልኩም። ቦታውን ይወቅ ነው ያልኩት።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። በ2023 ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የእኛን ቅኝት በፒያኖ ተጫውተዋል። ሙላቱ አስታጥቄም ኢትዮ ጃዝን የገነባው ቫይብራፎን በሚባል፣ የብረት ቁልፎቹ በማይላሉ በማይጠብቁ መሣሪያ ነው። የእኛ ሙዚቃ በእኩል የተከፈለ መሣሪያ ላይ ሲሆን የሚሞት ቢሆን ኖሮ የእነሱ ሥራ ባልኖረ ነበር። እውነት ነው። ይህን ሳልሸሽግ እቀበላለሁ። ነገር ግን እነሱ ሁለቱን ዓለም አውቀው መረጡ። ጋሼን ግን ማንም አላስመረጣቸውም። ስልክ የያዘ ልጅ “ዝቅ ይላል” አላቸው፣ እሳቸውም የራሳቸውን ጆሮ ተጠራጠሩ። የእኔ ክርክር በፒያኖው ላይ ሳይሆን በዚያች ቃል ላይ ነው። ከማን ዝቅ ይላል?

ደግሞም ንጽጽሩ ራሱ አንዳንዴ ይለያያል። በመማሪያ ወረቀት ላይ ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ይባላል፤ አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፤ አንቺ ሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ይህ ለማስተማር ጠቃሚ ነው። ሆኖም ወረቀቱ የኪቦርዱን 12 ቦታዎች ብቻ ነው የሚያውቀው። መሰንቆ ላይ የጣት ማረፊያ ምልክት የለም፤ ጣት አውታሩን ከጎኑ ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም። የአውታሩ ርዝመት 60 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ሚን በተፈጥሯዊው 5 ለ 4 ንጽጽር ለማግኘት የሚነዝረው ርዝመት 48 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። በኪቦርዱ ልክ ግን 47.6 ነው። ልዩነቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከጣት ውፍረት ያንሳል። ያንን 4 ሚሊ ሜትር የሚያዘው ጆሮ ነው። የአንድ ጥሩ አዝማሪና የሌላው ልዩነት፣ የአንድ አካባቢና የሌላው ለዛ የሚደበቀው እዚያች ውስጥ ነው። እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ኤሊስ በ1885 የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ስኬል በሴንት ለክቶ የደረሰበት መደምደሚያም የሰው ልጅ ሙዚቃ አንድ ተፈጥሯዊ ስኬል የለውም፣ ብዙና የተለያየ ነው የሚል ነበር። ይህን ያለው የኪቦርዱን ልክ አምላኪ ሳይሆን ሴንትን የፈጠረው ሰው መሆኑን ልብ ይሏል።

440 ምስክር ይሁን እንጂ ዳኛ አይሁን

ትችት ብቻ ምን ያደርጋል? የሚከተሉትን አራት ነገሮች ትምህርት ክፍላችን ሊያደርግ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

አንደኛ፣ እንቅረጽ። በየገበያው ከተማ ያሉ አዛውንት አዝማሪዎች እያለፉ ነው። የሚቀርጻቸው ሰው ቢገኝ እንኳ አንድ ነገር ይረሳል። የድሮ ካሴቶችን እንደ ምሳሌ ውሰዱ። ቴፑ በመቶ 3 ብቻ ቢፈጥን ድምፁ 51 ሴንት ከፍ ይላል። ስለዚህ በካሴት የተረፈልን መሰንቆ በእርግጥ የተቃኘው የት ላይ እንደሆነ ከካሴቱ ብቻ መናገር አይቻልም። መፍትሔው ርካሽ ነው። ቀረጻው ሲጀመር የ440 ሄርዝ ድምፅ ለአምስት ሰከንድ አሰማና ከዚያ አዝማሪው በራሱ ቅኝት ይጫወት። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚሰማው ሰው የመጀመሪያውን አምስት ሰከንድ ለክቶ ቀሪውን ሁሉ ማስላት ይችላል። 440 እንዲህ ሲሆን ታማኝ ምስክር ነው፤ ያየውን ይናገራል፣ ፍርድ አይሰጥም።

ሁለተኛ፣ እንመዝግብ። የመነሻው ድምፅ በሄርዝ፣ የሌሎቹ ርቀት በሴንት፣ የአውታሩ ርዝመት በሳንቲ ሜትር፣ ከዚህም ጋር አዝማሪው ራሱ የሚጠራበት የቅኝት ስም ይጻፍ። ዋሽንት ከሆነ የአየሩ ሙቀትም ይጨመር። የድምፅ ፍጥነት ከሙቀት ጋር ስለሚጨምር፣ በዋሽንቱ ውስጥ ያለው አየር ከ10 ወደ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ ቃናው ወደ 45 ሴንት ከፍ ይላል። ማለዳ ውርጭ ላይና ቀትር ላይ የተነፋ ዋሽንት አንድ ቁጥር አይሰጥም። ይህን ሳያውቁ “ዋሽንቱ ልክ አይደለም” ማለት የእኔን ዓይነት ስህተት መድገም ነው።

ሦስተኛ፣ በዝግጅት ላይ ማሽኑ ለሰው ይታዘዝ። ያን ምሽት ማድረግ የነበረብን ሁለት ነገር ብቻ ነበር። ኪቦርዱን በትራንስፖዝ ቁልፍ ሦስት ሴሚቶን ዝቅ ማድረግ፤ የጓደኛችን ዶ 220 ይሆናል። ቀጥሎ የኪቦርዱን ጠቅላላ ቅኝት ከ440 ወደ 428 ማውረድ፤ 220ው 214 ይሆናል። ተገናኙ! ጓደኛችን ከነጮቹ ቁልፎች ሳይወጣ፣ ጋሼም መቃኛቸውን ሳይነኩ። አንዳንድ ኪቦርዶችማ እያንዳንዱን ቁልፍ በሴንት ከፍ ዝቅ ማድረግ ያስችላሉ። መሣሪያው ይህን ሁሉ ይችል ነበር። ያልቻልነው እኛ ነን፤ ምክንያቱም ማን ወደ ማን ይምጣ የሚለውን ጥያቄ ሳንጠይቅ መልሰነዋል።

አራተኛ፣ የንዝረትን ምዕራፍ በመሰንቆና በክራር እንማር። በመጽሐፋችን ውስጥ ያለው ሥዕል ጊታር ነው። ክራር ግን በየቤቱ አለ። አውታሩን እኩሌታው ላይ ብትነካው ኦክታቭ፣ ሁለት ሦስተኛው ቢነዝር ሶል እንደሚሰጥ ለማየት የውጭ አገር ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንድ ክራር፣ አንድ ማስመሪያና አንድ ስልክ ይበቃሉ።

ማጠቃለያ

በመጨረሻም ለማለት የምፈልገው ይህን ነው። መለካትን አልቃወምም፤ እንዲያውም እስካሁን ያልለካነው ብዙ ስለሆነ እንለካ ባይ ነኝ። ነገር ግን መለካትና ማረም አንድ አይደሉም። ሐኪም የሕመምተኛውን ቁመት ለክቶ ይጽፋል እንጂ አጭር ነህ ብሎ አይስበውም። እኔ ስልኬ 214 ባለኝ ጊዜ ያገኘሁት እውቀት ነበር፤ እኔ ግን እንደ ጥፋት አነበብኩት።

ያን ረቡዕ ከጋሼ ጋር ስንለያይ ስልኬን አውጥቼ ፈቃዳቸውን ጠየቅኩ። መጀመሪያ የ440ን ድምፅ አሰማሁ። “ይህ ምንድን ነው የሚጮኸው?” አሉ። “ምስክር ነው ጋሼ፣ እርስዎን አይመለከትም” አልኳቸው። ሳቁ። መቃኛውን እንደ ድምፃቸው አላሉትና ጀመሩ። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ አልተሰነጠቀም። በኋላ ቤት ገብቼ ስለካው 209 ነበር። እንኳን የእኔን ዶ፣ የዚያን ምሽቱን የራሳቸውን 214 እንኳ አልደገሙትም። ቅኝቱ ግን ያው ትዝታ ነበር።